ዋስትና ከሰው ወደ ወረቀት፦ ከሰቆጣ ገበያ እስከ ሶፍትዌር የፈቃድ ውል



ንግግሬን ከሰቆጣ ልጀምር። ሰቆጣ ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ተቆርጦ በትግራይ ደጋ በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ታላቅ የገበያ ከተማ ነበረች። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ስለ ነበረ የተሰነጠቀው ወይም እርጥበት የበላው ዋጋው ይወርዳል። ይህን ጉድለት ግን ገዢው አይቶና ዳስሶ ያውቀዋል። የበቅሎ ነገር የተለየ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በቅሎ ሲገዛ ጥርሷንና ኮቴዋን ከመረመረ በኋላ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ሲለው አስታውሳለሁ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ጥርስ ዕድሜን ይናገራል፣ የውስጥ ደዌን ግን አይናገርም። ዋሱ የሚቆመው ዓይን ለማይደርስበት ነገር ነበር።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ኃላፊነት በሻጩ ላይ ጥሏል። ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና ሊያጠብቡት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ግን የማጥበቢያው ቃል አያድነውም። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል የተጻፈው ግዙፍነት ላላቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ነው። ሶፍትዌር ደግሞ በአብዛኛው አይሸጥም፤ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይሰጥበታል። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚጠብቀው ከመጻሕፍት ጋር በአንድ ረድፍ ቆጥሮ ነው።

የዚህ ልዩነት መዘዝ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ታየ። ሎጂስቲኮን የተባለ የሶፍትዌር አቅራቢ ከሬቭሎን ኩባንያ ጋር በክፍያ በተጣላ ጊዜ በስልክ መስመር ገብቶ የመጋዘኑን ፕሮግራም አሰናከለ፤ የዕቃ ማከፋፈያዎቹም ለቀናት ቆሙ። አቅራቢው ያልተከፈለበትን ንብረቱን እንደ መመለስ ቆጠረው፤ ደንበኛው ግን እንደ ማስገደድ። ጠንቃቃ ደንበኞች ዛሬ በፈቃድ ውላቸው ውስጥ «ፕሮግራሙ ቫይረስ፣ ስውር መግቢያ ወይም ቀን ጠብቆ የሚቆልፍ ኮድ የለበትም» የሚል የዋስትና አንቀጽ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋግ ኽምራ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ፕሮግራሙ በወር መጨረሻ በድንገት ተቆለፈበትና ውሉን እንዳነብ ተጠራሁ። ደመወዝ ዘግይቶ ነበር። አቅራቢው ፕሮግራሙን «ባለበት ሁኔታ» እንደሚያቀርብና ለማናቸውም ጉዳት ኃላፊ እንደማይሆን ተጽፎ አገኘሁ። ፈራሚዎቹ በቅሎ ቢገዙ ኖሮ ያለ ዋስ ባልተዋዋሉ ነበር።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጉዳት ለማድረስ የተሠራ ፕሮግራምን ሆን ብሎ ማሰራጨትን ይቀጣል። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወንጀል የሐሳብ ክፍልን ማስረዳት ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል። ኪሳራው የማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚወስነው ውሉ ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቻችን ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስውር ኮድ እንደሌለ የሚያረጋግጥ የጽሑፍ ቃል፣ ክርክር ቢነሳ እንኳ መረጃቸውን የማውጣት መብት፣ እንዲሁም ይህ ቃል ቢፈርስ የኃላፊነት ገደቡ እንደማይሠራ የሚገልጽ አንቀጽ። አባቶቻችን «ዋስ ጥራ» ማለትን ያውቁ ነበር፤ እኛም በውል ቋንቋ እንድንለው እለምናለሁ።