«በዛብኝ» የሚለው ይግባኝ

አንድ ሰው በጠብ መካከል ዱላ አንሥቶ የጎረቤቱን ክንድ ሰበረ እንበል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ ሰባት ዓመት ጽኑ እሥራት ፈረደበት። ሰውየውም፥ «መምታቱን መትቻለሁ፤ ሰባት ዓመት ግን በዛብኝ» ሲል ይግባኝ ጠየቀ። ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ስናቀርብ ተማሪዎቻችን ወዲያው ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ፥ «ካመነ በኋላ ምን የሚያከራክር ነገር አለው?» ይላሉ። የቀሩት ደግሞ፥ «ሰባት የተባለው በምን ተለክቶ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛን ወደ ታሪክ የመራን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ይግባኝ ራሱ በአገራችን ጥንታዊ ነገር ነው። ቃሉን ብንፈታው «ይግባልኝ» ማለት ይመስላል፤ ነገሬ ወደ ላይ፥ ወደ ንጉሡ ይግባልኝ። ከዳኛ ወደ ዳኛ ያለፈ ሙግት በመጨረሻ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። በዚያም መኳንንቱና ሊቃውንቱ ከማዕረግ ታናሹ ጀምሮ በየተራ እየተነሡ አሳባቸውን ይሰጣሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መጨረሻ ላይ ይፈርዳሉ። ታናሹ አስቀድሞ የሚናገረው ታላቁ ከተናገረ በኋላ ማንም ደፍሮ ሌላ አሳብ ስለማያመጣ ነው። ብልህነት ነው እንላለን፤ በመምህራን ስብሰባችንም ቢለመድ አንጠላም።

ነገር ግን በዚያ ዘመን አካሉ የጎደለ ሰውና አካል ያጎደለው ሰው የሚከራከሩት በእሥራት ዘመን ላይ አልነበረም። እሥር ቤት በአብዛኛው ነገሩ እስኪቈረጥ መጠበቂያ እንጂ ራሱ ቅጣት አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ እንኳ እንዳይጠፋፉ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ክርክሩ ስለ ቁስሉና ስለ ካሳው ነው። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ፥ በሶማሌ ዘንድም በግመል የሚቈጠረው የቁስል ካሳ በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ የተጎዳው አካል ይታያል፥ ሽማግሌ ይገምተዋል፥ ካሳውም ለተጎዳው ወገን ይደርሳል። እንግዲህ የሚለካው ቁስሉ ነበር ማለት ነው።

ይህ መለኪያ በአንድ ቀን አልተለወጠም። ፍትሐ ነገሥት ለብዙ መቶ ዓመታት የመንግሥት የፍርድ መጽሐፍ ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተደራጅተው አፈ ንጉሡ የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት የበላይ ሆኑ። ዋናው ለውጥ ግን የመጣው የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ባረቀቀው በ1949 ዓ.ም. ሕግ ነው። ይህ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል፥ ቀላል እሥራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፥ ጽኑ እሥራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ተብሎ ተወሰነ። ሆን ብሎ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው በጽኑ እሥራት ቢቀጣ እስከ 10 ዓመት ይደርስበታል፤ በቀላል እሥራት ቢቀጣ ግን ከ1 ዓመት አያንስም። ከአንድ ዓመት እስከ አሥር ዓመት ያለው ርቀት ለዳኛው ተተወለት። አንቀጽ 86 ዳኛው ምን እንዲያይ እንዳዘዘው ልብ እንበል፤ የወንጀሉን ክብደት ብቻ ሳይሆን የአጥፊውን የጥፋት ደረጃ፥ ያለፈ ሕይወቱን፥ ያነሣሣውን ምክንያት፥ የትምህርቱን ደረጃ ጭምር ነው። ከቁስሉ ጋር ሰውየውም መለካት ጀመረ።

«በዛብኝ» የሚለው ይግባኝ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው እንኳ በቅጣቱ መጠን ይግባኝ እንዲል ፈቀደ። ስለዚህ «ካመነ ምን ያከራክረዋል?» ላሉት ተማሪዎቻችን መልሱ ይህ ነው፤ ማመኑ የሚዘጋው አንዱን በር ብቻ ነው። ጊዜው ግን አጭር ነበር። ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፥ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰውም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙን ማመልከቻ ማስገባት ነበረበት። ማንበብ ለማይችል እሥረኛ እነዚህ ቀናት ምን ያህል ፈጥነው እንደሚያልፉ መገመት አያዳግትም።

የይግባኝ ዳኛስ የበታቹን ውሳኔ መቼ ይነካል? ይህን ጎረቤቶቻችንም ተጨንቀውበታል። የምሥራቅ አፍሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ በ1977 እ.ኤ.አ. ከመፍረሱ በፊት፥ በ1954 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፥ «እኔ ብሆን ኖሮ ያነሰ እፈርድ ነበር» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ገልጿል። የበታቹ ዳኛ በተሳሳተ መርሕ ከሄደ፥ ዋና ነገር ከዘነጋ፥ ወይም ቅጣቱ ከነገሩ ጋር ሲተያይ በግልጽ የበዛ ከሆነ ብቻ ይነካል። ምክንያቱም የይግባኝ ዳኛው የሚያየው መዝገብ ነው፤ የተሰበረውን ክንድ አላየም፥ የመታውንም ሰው ፊት ላያየው ይችላል።

በእኛ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የከባድ አካል ጉዳትን ጣሪያ ወደ 15 ዓመት ከፍ አደረገው። ርቀቱ ስለ ሰፋ ተመሳሳይ ጥፋት በአንዱ ችሎት ሁለት ዓመት፥ በሌላው ስምንት ዓመት ሊያስፈርድ የሚችልበት መንገድም ሰፋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሻሽሎ፥ ወንጀሎችን በደረጃ፥ ቅጣቶችን በእርከን የደረደረው ይህን ለማጥበብ ነው። ከዚያ ወዲህ «በዛብኝ» የሚል ሰው እርከን ቈጥሮ መከራከር ቻለ።

ክንዱ የተሰበረውስ? ይህን የጠየቀችን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀድሞ ከበደለኛው ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝቶ ዳኛ ፊት የሚቆመው ሰው፥ አሁን በወንጀሉ ክርክር ውስጥ ምስክር ነው። ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ የእሥራቱ ዓመታት ሲቀነሱ ግን ይግባኝ ባይ አይደለም። ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት የሚችለው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ተማሪዋ በዚህ መልስ አልረካችም፤ እኛም ብዙ አልተጫንናትም።