አጥፍቶ የሚያበራው ዘበኛ

በአገራችን ዲግሪም ዲፕሎማም የማይጠይቅ አንድ የጥገና ሙያ አለ፦ «እስቲ አጥፍተህ አብራው!» ስልክ ቢደነዝዝ፣ ዲኮደር ቢቆም፣ ኮምፒውተር ስታክ ቢያደርግ የመጀመሪያው ምክር ይኸው ነው። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ግን አጥፍቶ የሚያበራው ሰው አጠገቡ ከሌለስ?

ከጎንደር ተነሥተን ዳባትን አልፈን ደባርቅ እንግባ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚረዝመው ራስ ደጀን ድረስ ይቀጥላሉ። እንዲህ ባለ አገር፣ አንድ ሸንተረር ላይ በተተከለ የስልክ ታወር ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ስታክ አደረገ እንበል። ቴክኒሻኑ መኪና አስነሥቶ፣ መኪናው ከሚቆምበት ወዲያ በእግሩ ወጥቶ፣ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሊመለስ ነው። ለአንዲት ቁልፍ አንድ ቀን! በዚያ ቀን ምጥ የያዛት እናት ብትኖር አምቡላንስ የሚጠራላት ስልክ የለም።

ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ውስጥ የቴክኒሻኑን ጣት የሚተካ ትንሽ ነገር የሚቀመጠው። ዎችዶግ ታይመር ይባላል፤ «ጠባቂ ውሻ የሆነ ሰዓት» እንደ ማለት ነው። ዛሬ የምናወጋው የዚህን ዘበኛ ታሪክ ነው።

አሠራሩን ለሰሜን ገበሬ ለማስረዳት ብዙ አንደክምም። ገብሱ ሲያሸት ጭላዳና ዝንጀሮ እንዳያጠፋው ማማ ላይ ልጅ ይቀመጣል። ልጁ በየጊዜው ይጮኻል፣ ጅራፍ ያጮኻል። ቤት ያሉት ድምፁን እስከሰሙ ድረስ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ድምፁ ሲጠፋባቸው ወደ ማሳው ይወጣሉ። ዎችዶግም ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ዋናው ፕሮግራም በጤና እየሠራ ከሆነ ቆጠራው ዜሮ ከመድረሱ በፊት ምልክት ይልክለታል፤ ሰዓቱም ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ምልክቱ ከቀረ ግን ሰዓቱ ፕሮሰሰሩን ሪሴት ያደርገዋል። ምክንያት አይጠይቅም፣ ሽማግሌ አይልክም። ለሰው ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለዎችዶግ ግን የሞት ምልክት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የተሠራው ኮምፒውተር «የሌሊት ዘበኛ» የሚባል ሰርኪት ነበረው። ፕሮግራሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አንዲት የተወሰነች አድራሻ ካልነካ «ተኝቷል» ብሎ እንደገና ያስነሣዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ በተቋቋመበት በዚያው በ1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት 1202 የተባለውን ማስጠንቀቂያ ደጋገመ። ማስጠንቀቂያውን የሰጠው ይህ ዘበኛ ሳይሆን የፕሮግራሙ የራሱ ቁጥጥር ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ እንደገና ተነሥቶ አንገብጋቢውን ሥራ ብቻ ይዞ መቀጠል። ጠፈርተኞቹም በሰላም አረፉ።

ዘበኛ ቀጥሮ ሥራ አለማስጀመር የሚያስከትለውን ደግሞ ክሌመንታይን አሳየችን። ይህች የአሜሪካ መንኮራኩር ጨረቃን ካጠናች በኋላ በግንቦት 1994 (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተሯ ተሳከረ፤ ሞተሮቿ ለ11 ደቂቃ ያህል ነድደው ነዳጇን ጨረሱ። ጂኦግራፎስ ወደተባለው አስትሮይድ የታሰበው ጉዞ ቀረ። ዎችዶግ እኮ ነበራት! የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ግን በጊዜ እጥረት ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር።

በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሷን ደጋግማ ሪሴት ማድረግ ጀመረች። ጥበቃው ሥራውን ሠርቷል፤ መንኮራኩሯም አልሞተችም። መሐንዲሶቹ ግን «ተነሥታለች፣ ይበቃል» አላሉም። ችግሩን ምድር ላይ ደግመው ፈጥረው ምክንያቱን አገኙ፦ አስቸኳዩ ሥራ የሚፈልገውን ነገር ተራው ሥራ ይዞታል፤ ተራው እንዳይጨርስ ደግሞ መካከለኛው እየገባ ያዘገየዋል። ማስተካከያውን እስከ ማርስ ላኩላት።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰማይ ልካለች። ደባርቅ ሸንተረር ላይ ቴክኒሻን ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ሳተላይት ዘንድ ግን የሚደርስ ማንም የለም።

እንግዲህ ዎችዶግ ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም። መብራት ጠፍቶ ባትሪ ካለቀ እሱም አብሮ ይተኛል። ከዚህ የባሰው ግን የሐሰት ምልክት ነው። ሰነፍ ፕሮግራመር ምልክቱን ሥራው ተሠራም አልተሠራም በሚላክበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ይህ ማለት ልጁ ማማው ላይ ተኝቶ ጅራፉን ሌላ ሰው እያጮኸለት፣ ጭላዳው ገብሱን እንደ መጨረስ ነው። በየወሩ «ዕቅዳችን መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ስንሰማ ለኖርን ለእኛ ይህ ብልሽት እንግዳ አይሆንብንም።

ስለዚህ ያ ሸንተረር ላይ ያለው ሳጥን በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ራሱን ካስነሣ፣ ጠዋት «ኔትወርክ አለ» ብሎ መተው አይበቃም። ስንት ጊዜ ወደቀ? ለምን? ባትሪው ነው ወይስ ሶፍትዌሩ? ዘበኛው ለቴክኒሻኑ አንድ ቀን ገዝቶለታል፤ ያ ቀን ለዚህ ጥያቄ መዋል አለበት።