ክዳን ያለው የብረት መጥበሻ፦ አበሳሰል፣ አያያዝ እና ከደም ማነስ ጋር ያለው ግንኙነት

ክዳን ያለው የብረት መጥበሻ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ወፍራም ብረት የሚሠራ፣ ከባድ፣ እጀታውም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጋር አንድ ወጥ የሆነ ማብሰያ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙዎች ካስት አይረን ይሉታል። ስለ እሱ በጤና ገጽ ላይ የምንጽፈው ምግብ ሲበስልበት ከዕቃው ጥቂት ብረት ወደ ምግቡ ስለሚገባ ነው። ይህ የደም ማነስ ላለበት ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ በሰውነቱ ውስጥ ብረት የሚከማችበትን ሰው ግን ይጎዳል። ከዚህ ሌላ የዕቃው ክብደትና ሙቀት ይዞ የመቆየት ባሕርይ ለቃጠሎ አደጋ ያጋልጣል።

የትኛው ዕቃ ነው ብረት የሚሰጠው?

በአማርኛ «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው ዕቃ ብረት ሳይሆን አሉሚኒየም ነው። ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ «በብረት ዕቃ አብስሉ» ሲል ቤተሰቡ የለመደውን ነጭ ድስት ይዞ ሊቀጥል የሚችለው በዚህ የስም መመሳሰል ምክንያት ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ማግኔት አሉሚኒየም ላይ አይጣበቅም፣ ብረት ላይ ይጣበቃል። ክብደቱም ይለያል፤ ስፋቱ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት መጥበሻ ክዳኑን ሳይጨምር 2 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል።

ማግኔት ቢይዝም ብረት ወደ ምግብ የማያስገባ ዕቃም አለ። ውስጡ እንደ ብርጭቆ በሚያብረቀርቅ ቀለም የተለበጠ (ኢናሜል) ከሆነ ምግቡ ብረቱን አይነካውም። ስለዚህ ለደም ማነስ ብሎ የሚገዛ ሰው ውስጡ ያልተለበጠውን፣ ጥቁሩን ይምረጥ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ አንዳንድ አሮጌ የብረት ዕቃዎች እርሳስ (ሊድ) ለማቅለጥ ያገለገሉ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ምንጩን የማያውቁትን ዕቃ ለልጅ ምግብ አለመጠቀም ይሻላል።

ምን ያህል ብረት ይገባል?

መጠኑን የሚወስኑት የምግቡ ኮምጣጣነት፣ እርጥበቱ፣ እሳት ላይ የቆየበት ጊዜ እና ዕቃው ምን ያህል እንደተሟሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ 100 ግራም የቲማቲም ስጎ ውስጥ የነበረው ብረት በብረት መጥበሻ ከበሰለ በኋላ ከ0.6 ወደ 5.8 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ ብሏል። የእንቁላል ፍርፍር ከ1.5 ወደ 4.8 ገደማ ደርሷል። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ መመዘኛ የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም፣ ነፍሰ ጡር 27፣ ወንድ ደግሞ 8 ሚሊ ግራም ብረት ከምግብ እንዲያገኙ ይመከራል።

ምግብ ውስጥ የገባ ብረት ሁሉ ግን ደም ውስጥ አይገባም። ጤፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብረቱ ብዙ ነው ይባላል፤ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ በአውድማ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል የመጣ ነው፣ ሰውነትም በደንብ አይቀበለውም። ከመጥበሻ የሚወጣው ብረትም እንደ እህልና አትክልት ብረት ነው የሚታየው፤ ከሥጋ ብረት ያነሰ ይወሰዳል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ሲኖር የሚወሰደው መጠን ይጨምራል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሻይና ቡና ሲጠጣ ይቀንሳል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ቡናውን እንዲተው ማንም አይጠይቀውም፤ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ቢያርቀው በቂ ነው። እንጀራ መቡካቱ ጠቃሚ ነው፤ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር በቡኮው ይቀንሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት

በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የተደረገው በአገራችን ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 407 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ የአንዱ ወገን ቤተሰቦች የብረት ድስት፣ የሌላው ወገን ቤተሰቦች አሉሚኒየም ድስት ተሰጣቸው። ከ12 ወር በኋላ በብረት ድስት ሲበሉ የቆዩት ሕፃናት ሄሞግሎቢን በአማካይ በ1.7 ግራም በዴሲ ሊትር ሲጨምር፣ የአሉሚኒየሙ ወገን የጨመረው 0.4 ብቻ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል።

ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሆኖም ውጤቱ ዓመት የፈጀ መሆኑን ልብ ይበሉ። በማላዊ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ችግር ሆኖ የታየው ዕቃው ራሱ ነው፤ ከብዷል፣ ዝጓል፣ አንዳንዶችም ትተውታል። ለዚህ ነው አያያዙን ማወቅ ከጥቅሙ ጋር አብሮ የሚነገረው፤ መደርደሪያ ላይ ዝጎ የተቀመጠ መጥበሻ ለማንም ደም አይጨምርም።

ማሟሸት

አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ሁሉ የብረት መጥበሻም ይሟሻል። ዘይቱ በከፍተኛ ሙቀት ብረቱ ላይ ደርቆ ስስ ጥቁር ሽፋን ይሠራል፤ ይህ ሽፋን ዝገትን ይከላከላል፣ ምግብ እንዳይጣበቅም ያደርጋል።

መጥበሻውንና ክዳኑን በሞቀ ውኃና በሳሙና ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ እሳት ላይ ጥቂት አሙቀው እርጥበቱን ጨርሰው ያስወጡ። ከዚያ ውስጡን፣ ውጭውን፣ እጀታውን ሁሉ በምግብ ዘይት ይቀቡ፤ ቀጥሎም ዘይቱን በንጹሕ ማሰሻ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉ። ዘይት የሌለበት እስኪመስል ድረስ ይጥረጉት፤ ዘይት የተረፈበት ዕቃ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ኦቭን ካለ ደፍተው በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት ያቆዩትና በውስጡ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ይመረጣል። ኦቭን ከሌለ በምድጃ ላይ በመጠነኛ እሳት፣ መጨስ እስኪጀምርና ጭሱ እስኪቀንስ ድረስ ማቆየት ይቻላል።

ሲሟሽ ጭስ አለ። አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ሕፃናትም ከክፍሉ ይውጡ፣ መስኮት ይከፈት። በከሰል የሚሠራ ከሆነ ውጭ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

በደንብ የተሟሸ መጥበሻ የሚሰጠው ብረት ካልተሟሸው ያነሰ ነው። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ማሟሸቱን ይተዋሉ፤ የማይመከር ነው። ያልተሟሸ ዕቃ ይዝጋል፣ ምግቡ ብረት ብረት ይላል፣ ቤተሰቡም አይበላም። እንደ ቲማቲም ያለው ኮምጣጣ ነገር በተሟሸ ዕቃም ቢሆን ብረት ያወጣል።

ማብሰል

የብረት መጥበሻ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በመጠነኛ እሳት አምስት ደቂቃ ያህል ካሞቁ በኋላ ማብሰል ይጀምሩ። እንቁላል የሚጣበቅባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሳያሞቁ የጀመሩ ወይም እሳቱን ከመጠን በላይ ያበዙ ናቸው።

የክዳኑ ጥቅም በተለይ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው የሚታየው ቁሌት ላይ ነው። የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት በሞቀው መጥበሻ ውስጥ አድርገው እሳቱን ቀንሰው ይክደኑት። ወፍራሙ ክዳን እንፋሎቱን ስለሚመልሰው ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ ይቁላላል። በየሦስት አራት ደቂቃው ከፍተው በእንጨት ማማሰያ ያማስሉ፤ ሊይዝ ሲል አንድ ማንኪያ ውኃ ጠብ ያድርጉ። ሽንኩርቱ ሲበስል በርበሬውን፣ ቲማቲሙን፣ በመጨረሻም ሁለት ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ። በብዙ ቤት አንድ ሲኒ ሙሉ ዘይት የሚፈስበት ወጥ በዚህ መንገድ በጥቂቱ ይወጣል፣ ጣዕሙም ብዙ አይቀንስም።

ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ ሁሉ ይበስልበታል። ሽሮና ጎመን ጠቆር ሊሉ ይችላሉ፤ አይጎዳም። ምግቡ እንደበሰለ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ። መጥበሻው ውስጥ ያደረ ወጥ የብረት ጣዕም ይበዛበታል፣ የተሟሸውንም ሽፋን ይልጣል። በተጨማሪም ወፍራሙ ዕቃ ሙቀት ስለሚይዝ ምግቡ ለብ ብሎ ለረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ጀርም የሚራባው በዚህ ሙቀት ነው።

ዳቦና አምባሻም በክዳን ያምራሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስንዴ የማይስማማው (የሴሊያክ ሕመም ያለበት) ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ዳቦ የተጋገረበትን መጥበሻ ለእሱ ምግብ አይጠቀሙ። የተሟሸ ሽፋን ቅሪት ይይዛል፣ ሳሙናም ሁሉንም ላያስወጣ ይችላል።

ማጠብና ማስቀመጥ

ሲቀዘቅዝ፣ ለብ እንዳለ፣ በሞቀ ውኃና በስፖንጅ ይታጠባል። ጥቂት ሳሙና አይጎዳውም። የያዘ ምግብ ካለ ውኃ አድርገው ትንሽ ያፍሉትና በእንጨት ይፈቅፍቁት፤ ወይም በሸካራ ጨው ይሹት (የደም ግፊት ያለበት ሰው አይስጋ፣ ጨው ታጥቦ ይወጣል)። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አያሳድሩ። በጣም የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አያፍሱ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከታጠበ በኋላ እሳት ላይ አድርቀው በስሱ ዘይት ያስነኩት። ሲያስቀምጡት ክዳኑን ጥብቅ አድርገው አይግጠሙ፤ የታጠፈ ወረቀት ጣልቃ አስገብተው አየር ያግኝ።

ከዛገ አይጣልም። በሽቦ እስከ ብረቱ ድረስ ፈትገው፣ አጥበው፣ አድርቀው እንደ አዲስ ያሟሹት። ሳይታወቅ የተበላ ጥቂት ዝገት ጤነኛ ሰው አይመርዝም፤ ዝገትን ለደም ማነስ ብሎ መብላት ግን ከንቱ ነው፣ ሰውነት ብዙም አይቀበለውም።

ቃጠሎ

እጀታው ራሱ ብረት ስለሆነ እንደ መጥበሻው ይግላል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይፋጃል። ደረቅ ወፍራም ጨርቅ ይያዙ፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ወዲያው ወደ እጅ ያስተላልፋል። ክዳኑን ሲከፍቱ ከፊትዎ በተቃራኒ በኩል ያዘንብሉት። እጀታው ወደ ምድጃው ውስጥ ይዙር እንጂ ልጅ ወደሚያልፍበት አይሁን። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ያለባቸው ሰዎች፣ በዕድሜ የገፉ እናቶችም ባዶውን እንጂ የሞላውን መጥበሻ ብቻቸውን አያንሱ፤ ሁለት እጀታ ያለው ይመረጣል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን እሳት ዳር ባያበስል ይሻላል።

ዘይቱ እሳት ከያዘ ውኃ አይድፉ፣ መጥበሻውንም ይዘው አይሩጡ። እሳቱን አጥፍተው ክዳኑን ከጎን አንሸራተው ይክደኑትና እስኪቀዘቅዝ አይክፈቱ።

የተቃጠለ ቆዳ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀቡ። ቃጠሎው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ከእጅ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ወይም የተጎዳው ሕፃን ከሆነ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ማን መጠቀም የለበትም?

ሰውነታቸው ብረት ከመጠን በላይ የሚያከማች ሰዎች (ሄሞክሮማቶሲስ)፣ ታላሲሚያ ያለባቸው፣ በተደጋጋሚ ደም የሚሰጣቸው ሕመምተኞች በብረት ዕቃ የበሰለ ኮምጣጣ ምግብ ማዘውተር የለባቸውም። ትርፍ ብረት ጉበትን፣ ልብንና ቆሽትን ይጎዳል። በደቡባዊ አፍሪካ በብረት ዕቃ የተጠመቀ ባህላዊ ቢራ ለዓመታት የጠጡ ሰዎች ላይ ይህ ጉዳት ታይቷል። ኮምጣጣ መጠጥ ብረት ውስጥ ቀናትን ስለሚያሳልፍ ነው፤ ስለዚህ ጠላም ሆነ ሌላ የሚብላላ ነገር በብረት ዕቃ አይጠመቅ። የጉበት ሕመምተኞችና በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለጨቅላ ሕፃን የዱቄት ወተት የሚሆን ውኃ በብረት ዕቃ አይፈላ።

ሐኪም ጋ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መጥበሻ ሕክምናን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት በእንክብል እንዲሰጥ ይመክራል፤ ይህን ማንም ድስት በአስተማማኝ ሁኔታ አይሰጥም። እንክብል የታዘዘለት ሰው «አሁን በብረት እያበሰልን ነው» ብሎ አያቋርጥ።

የደም ማነስ ራሱ ምልክት ነው፤ ከኋላው የወር አበባ መብዛት፣ የአንጀት ጥገኛ ትል፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ከዚህ የከበደ ነገር ሊኖር ይችላል። በተለይ ወንድ ወይም ወር አበባዋ የቆመ ሴት የብረት እጥረት ከተገኘባቸው ደሙ የሚፈስበት ቦታ መፈለግ አለበት። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ አፈር ወይም በረዶ የመብላት አምሮት ካለ ይመርመሩ። የብረት እንክብል ሰገራን ማጥቆሩ የተለመደ ነው፤ እንክብል ሳይወስዱ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ ግን መጥበሻውን ሰበብ አያድርጉ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ።