ወረርሽኝ፣ ንግድና እድር፦ የኮቪድ-19 ዘመን የሕግ ጥያቄዎች በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር የፋሲካ ማግስት ሰርግ የሚደግሱ ብዙ ቤተሰቦች ለአዳራሽ፣ ለምግብ አዘጋጅና ለቪዲዮ ቀራጭ ቀብድ ከፍለው ነበር። ወሩ ሳይወጣ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሁለት ቀን በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1189/2012 አጸደቀው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ወረርሽኝን ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ አድርጎ ስለሚጠራ፣ ሥልጣኑን በተመለከተ ብዙ ክርክር አልነበረም። የከረረው ክርክር የገንዘብ ነበር፤ ሰርጉ ከቀረ ቀብዱ የማን ይሆናል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ አጭር መልስ አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ግን በገዛ ፈቃዱ ለሚያፈገፍግ ሰው የተጻፈ ደንብ ነው። ሁለቱም ወገኖች እየፈለጉ ሦስተኛ ኃይል ሲከለክላቸው ጉዳዩ ወደ ቁጥር 1792፣ ማለትም ወደ “ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል” ይሄዳል። ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆኑንና ግዴታውን ፈጽሞ እንዳይፈጸም ማድረጉን። ቀጣዩ ቁጥር 1793 የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትንና የባለዕዳውን ሞት ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም በምሳሌነት ይዘረዝራል። ወረርሽኝ የሚል ቃል ግን የለበትም። ያለው ውሉ እንዳይፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላ ነው።

የዘመኑ የውል ጥያቄዎች የሚዞሩት በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው። ነጋዴውን በቀላሉ ነጻ የሚያወጣው በሽታው ሳይሆን ክልከላው ነው። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሏል፤ የምሽት ክበቦችን ዘግቷል፤ ምግብ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳያስተናግዱ አዟል። ጥሰቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ያስከትል ነበር። ስለዚህ የሰርግ አዳራሹ ባለቤት ደንቡን በእጁ ይዞ መከራከር ይችላል። የሆቴሉ ባለቤት ግን ከባድ ችግር ገጠመው። ማንም “ዝጋ” አላለውም፤ አገር ጎብኚው ቀረ፣ ስብሰባው ተሰረዘ፣ አልጋው ባዶ ሆነ፤ የባንክ ዕዳውና የሕንፃ ኪራዩ ግን መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ቁጥር 1764 እንደሚለው ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል። ዳኛም ሕግ ካልፈቀደለት በቀር ሸክሙን ማቅለል አይችልም።

ደንቡ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ያለ ተከራዩ ስምምነትም ኪራይ እንዳይጨምር አገደ። ኪራይ ይቅር ግን አላለም። በዚያ ሰሞን አንዳንድ የሕንፃ ባለቤቶች ኪራይ መቀነሳቸው ወይም መማራቸው ሲወራ የሰነበተውም ከበጎ ፈቃድ ሌላ የሚያስገድድ ነገር ስላልነበረ ነው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ታክሲ ላይ መንግሥት ራሱ ዋጋ አስተካከለ፤ የመንገደኛው ቁጥር በግማሽ ሲቀነስ ታሪፉ እስከ እጥፍ ከፍ አለ።

ሠራተኛን በሚመለከት ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ቆሙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም አሠሪው ባላጠፋው የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ የሥራ ውሉን ማገድ ይፈቅዳል፤ እገዳው በጽሑፍ መታወቅና ከ90 ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት። በእገዳ ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪውም ደመወዝ አይከፍልም። የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ደግሞ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሚያወጣው ፕሮቶኮል ውጭ የሥራ ውል ማቋረጥን ከለከለ። ማባረር ክልክል ሆኖ ማገድ ግን በሕጉ ውስጥ እንዳለ ሲቀር፣ ሠራተኛው ሥራ አለው ይባላል፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ይህን ለማለዘብ መንግሥት ሥራ ቆሞባቸውም ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር አነሳ፤ እስከ 2007 ዓ.ም. የተጠራቀመ የግብር ዕዳንም ሰረዘ።

እድር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የድርጅት ሥራ ሲቆም ትርፍ ይቀራል፤ እድር ግን የተቋቋመው ሰው እንዲሰበሰብ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። በብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንብ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። አዋጁ የመጣው ይህንኑ መገኘት ወንጀል አድርጎ ነው። እድሩ የቀረውን ቢቀጣ አባሉ ሕግ ስላከበረ ሊቀጣ ነው፤ ቅጣቱን ቢያነሳ ደግሞ ደንቡን ማሻሻል የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤ መሰብሰብ አይችልም። የእድሩን ገንዘብ ከሐዘን ወደ እህልና ሳሙና ማዞር ሲታሰብም ያው ጥያቄ ይነሳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከወሰኑ ውጭ ስላደረጋቸው መልሱ እዚያ አይገኝም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በስልክ ተነጋግረው ይወስናሉ፤ ሕጋዊነቱን የሚያጸናው አባላቱ በኋላ አለመቃወማቸው ነው።

እቁብ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ነጋዴ ሱቁ ተዘግቶበት መክፈል ሲያቅተው ያልደረሳቸው ሰዎች ወደ ዋሱ ይዞራሉ። ሕጉ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆንና ጣሪያው በገንዘብ ልክ እንዲገለጽ ያዛል፤ በቁጥር 1922 መሠረት ይህ ከሌለ ዋስትናው ዋጋ የለውም። በአፍ “እኔ አለሁለት” ያለ ዋስ በፍርድ ቤት ማምለጫ አለው፤ በሰፈር ግን የለውም። ለዋስትና ቼክ ተፈርሞ ከነበረ ደግሞ የሚመጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693፣ ማለትም በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ነው። ክፍያው የዘገየው በወረርሽኝ ምክንያት መሆኑ ክሱን በራሱ አያስቀረውም።

የአክሲዮን ማኅበራት ግን ከወረርሽኙ ማግስት አንድ ነገር አገኙ። አሮጌው የንግድ ሕግ ባለአክሲዮኖች በአካል አዳራሽ እንደሚገናኙ አድርጎ የተጻፈ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተተካው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ጉባኤን በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ማካሄድን ፈቀደ። ለእድር እንዲህ ያለ ድንጋጌ አልወጣም፤ በስልክ የተወሰነ ነገር ይጽና አይጽና የሚታየው በእያንዳንዱ እድር ደንብ ነው።