ወይን በሌለበት ወይና ደጋ፤ በፎገራና በጣና ዙሪያ ስለ ወይን ጠጅና ስለ ዘቢብ

የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩን በአየሩ ጠባይ ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ይከፍለዋል። ከሦስቱ መካከለኛው ክፍል ስሙን ያገኘው ከወይን ተክል ነው። ይሁን እንጂ በወይና ደጋው አገር በአብዛኛው የሚዘራው ጤፍ፥ ዳጉሳና በቆሎ ሲሆን የወይን ሐረግ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ስሙ አለ፤ ተክሉ ግን ብርቅ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያወርዱት ደለል የተሸፈነው የፎገራ ሜዳ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፥ ከዚሁ ከወይና ደጋ ይቈጠራል። የሜዳው ገበያ የሆነችው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውም መንገድ የሚገነጠለው ከእርስዋ ነው። ፎገራ ቀድሞ የሚታወቀው በስሙ በሚጠራው የከብት ዝርያ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ደግሞ በሩዝ ታውቋል። ወይን በፎገራ ስም ላይ አልተጨመረም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የወይን እርሻ ባልተስፋፋበት አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ሲቀደስ ጽዋው በምን ይሞላል? ሕዝቡስ ወይን ጠጅ የሚለውን ቃል እንደ ቤቱ ቃል አድርጎ የያዘው እንዴት ነው? ነገሩ ሲመረመር የሚገኘው መልስ፥ በዚህ አገር የወይን ጠጅ ታሪክ ከእርሻ ታሪክ ይልቅ ፍሬን አድርቆ የማቆየትና ከገበያ ገዝቶ የመጠቀም ታሪክ መሆኑ ነው። (ዓመተ ምሕረት ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አስቀድሞ ቋንቋውን መመልከት ይጠቅማል። በአማርኛ ጠላ ይጠመቃል፥ ጠጅ ይጣላል፥ አረቄ ይወጣል። ለእያንዳንዱ መጠጥ የራሱ ግሥ ተሰጥቶታል። ከወይን ፍሬ ለሚገኘው መጠጥ ግን ለብቻው የቆመ ስም አልተፈጠረለትም፤ ከማር ከሚጣለው መጠጥ ስም ተውሶ ወይን ጠጅ ተባለ። ይህም የአገሩ ሰው የትኛውን መጠጥ እንደ ዋና፥ የትኛውን እንደ ቅጥያ አድርጎ ይመለከተው እንደ ነበር ያሳያል። ወይን ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ወይን ጠጅ የሚባለውን ቀለም ለይቶ ያውቃል።

የታሪክ ምስክርም ከዚህ ጋር ይስማማል። በመጀመሪያው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ ጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም መንግሥት ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ እንደ ነበረ ይጠቅሳል። ስለዚህ በመጽሐፍ ከተመዘገበበት ከመጀመሪያው ጊዜ አንሥቶ ወይን ጠጅ በዚህ አገር ከውጭ በገንዘብ የሚገዛ፥ መጠኑም ጥቂት የሆነ መጠጥ ነበር ማለት ነው። ተክሉ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ ከጎንደር ብዙ ሳይርቅ ወይን ተተክሎ ጥሩና ብርቱ ጠጅ ይወጣው እንደ ነበር፥ የአገሩ ሰው ግን እምብዛም እንደማይወደው ጽፏል። ይህ ቃል በትክክል ሲታይ ለተክሉ መጥፋት ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማር ባለበት፥ ጌሾም በየጓሮው በሚበቅልበት አገር፥ ዓመት ሙሉ ጥበቃ የሚፈልገውንና በአንድ ወቅት ብቻ የሚደርሰውን ወይን ለመጠጥ ብሎ መትከል ለገበሬው ትርፍ የለውም። ማር በገንቦ ተደፍኖ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ ጠጁም ቤቱ በፈለገው ቀን ይጣላል።

በቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ማር የቱንም ያህል ቢበዛ የማር ጠጅ ለመሥዋዕት አይቀርብም፤ ለቍርባን የሚሆነው ከወይን ፍሬ የተገኘ ብቻ ነው። እሸቱ በሌለበት ይህን ሥርዐት ለመፈጸም የተገኘው መንገድ ዘቢብ ነው። አራት ኪሎ ያህል የወይን እሸት ሲደርቅ አንድ ኪሎ ያህል ዘቢብ ይሆናል፤ የሄደው ውሃ ነው እንጂ ስኳሩና ጣዕሙ አልሄደም። ስለዚህ ዘቢብ በነጋዴ ጭነት ሩቅ አገር ሊሄድ፥ በዕቃ ቤትም ሳይበላሽ ሊቀመጥ ይችላል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በምትሠራው ቤተ ልሔም በተባለችው ትንሽ ቤት፥ ለዚሁ አገልግሎት የተመደቡት ካህናት ኅብስቱን ሲጋግሩ፥ ዘቢቡንም አጥበው በንጹሕ ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ውሃ ጠጥቶ ሲነፋም አሽተው ያጠሉታል። በዚህ መንገድ ከአገሩ የሄደው ውሃ በፎገራ ወንዝ ወይም ምንጭ ውሃ ተተክቶ ደረቁ ፍሬ እንደገና ይጠጣል።

ይህ ሥርዐት ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የቅዳሴው ወይን ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ እየተጨመቀ ይዘጋጅ እንደ ነበር ገልጧል። ከእርሱ መቶ ዓመት ያህል በኋላ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632)፥ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በጣና ዙሪያ በተቀመጡበት ጊዜ፥ በጥቂት ዘቢብና በብዙ ውሃ የተዘጋጀ ነገር እውነተኛ የወይን ጠጅ አይደለም ሲሉ ነቀፉ። ነገሩ ቀላል ክርክር አልነበረም፤ ጽዋው እውነተኛ ወይን ካልሆነ ቍርባኑም ቍርባን አይደለም ወደ ማለት ያደርሳልና። ሃይማኖትን የለየው ጠብ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ፥ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ዘቢቡም በቤተ ልሔም ቀረ።

ሚሲዮናውያኑ የፈረዱት በአገራቸው ልማድ ነበር። እሸቱ በደጃቸው ለሚለቀምላቸው ሰዎች ወይን ጠጅ ማለት በጉድጓድ ቤት ተቀምጦ የፈላና የበረታ መጠጥ ነው። ለአበሻ ካህን ግን ዋናው ነገር ፍሬው ከወይን መሆኑ እንጂ መብረታቱ አልነበረም። ልዩነቱን ማንኛዋም የፎገራ ባልቴት በቤትዋ በምታውቀው ነገር ልታስረዳው ትችላለች። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ሲጠጣ ብርዝ ይባላል፤ ጌሾ ገብቶበት ሲፈላ ጠጅ ይሆናል። የዘቢቡ ጭማቂም ከወይን ጠጅ ጋር ያለው ዝምድና ብርዝ ከጠጅ ጋር እንዳለው ዝምድና ነው። ሁለቱም ከአንድ ማር፥ ሁለቱም ከአንድ ፍሬ ናቸው።

የሚያስደንቀው ይኸው ጥያቄ ኋላ በሌላ ዓለም ተገልብጦ መነሣቱ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በታሸገ ዕቃ ቀቅሎ የማቆየትን ጥበብ በ1810 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ፍሬ የዚህ ጥበብ ልጅ ነው። ሉዊ ፓስተር ደግሞ ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች መጠጥን የሚያፈላው በዓይን የማይታይ ሕያው ፍጥረት መሆኑን አስረዳ። በ1869 ቶማስ ዌልች የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ይህን ትምህርት ይዞ የወይን ጭማቂን አሙቆ በጠርሙስ በማሸግ ሳይፈላ እንዲቆይ አደረገ። ይህንም ያደረገው የሚያሰክር መጠጥ ለቍርባን እንዳይቀርብ ብሎ ነው። እንግዲህ ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የታሸገ ጭማቂ ከመነሻው ለቤተ ክርስቲያን ጽዋ የታሰበ ነበር። ሰው ግን መልሶ አፈላው፤ በአሜሪካ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፥ ከ1920 እስከ 1933፥ ነጋዴዎች የወይን ጭማቂን እንደ ጡብ አድርቀው፥ እንዳይፈላ እንዲህ አታድርጉት የሚል ማስጠንቀቂያ እየጻፉበት ይሸጡት ነበር። ገዢውም ማስጠንቀቂያውን እንደ መመሪያ አነበበው።

በዚህ በኩል ቤት ከመቅደስ ይለያል። መቅደሱ ከወይን ፍሬ አይወጣም፤ ቤቱ ግን በዘመኑ የረከሰውን ጣፋጭ ነገር ይከተላል። በፎገራ ሩዝ ሲበዛ ሩዙ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ጠላና አረቄም ሆነ። በ1946 ዓመተ ምሕረት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስኳር በየገበያው ሲደርስ፥ የማር ዋጋ የከበደበት ቤት በማሩ ላይ ስኳር መጨመር፥ አልፎም ጠጁን በስኳር ብቻ መጣል ጀመረ። ከሱቅ በተገዛ ጭማቂ፥ በቆርቆሮ ፍሬ ወይም በዘቢብ በርካሽ ወይን ጠጅ መጣልም የዚሁ ልማድ ተከታይ ነው እንጂ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሥራው ሕግ አንድ ነው። በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ ከመቶ አንድ እጅ አልኮል ይሰጣል። የብርቱካን ወይም የአናናስ ጭማቂ በሊትር ከ100 እስከ 120 ግራም ስኳር ስለሚኖረው፥ ብቻውን ቢፈላ ከስድስት እስከ ሰባት እጅ ያህል ይደርሳል፤ በሊትር 100 ግራም ስኳር ቢጨመርበት በስሌት ወደ አሥራ ሁለት እጅ ይጠጋል። ነገር ግን የታሸገው ጭማቂና የቆርቆሮው ፍሬ በእሳት ያለፉ ስለሆኑ የሚያፈላ ሕይወት የለባቸውም፤ እርሾ ከውጭ ሊጨመርላቸው ይገባል። እንደ ቤንዞኤትና ሶርቤት ያለ ማቆያ መድኃኒት የገባበት ጭማቂ ግን እርሾም ቢጨመርበት በደንብ አይፈላም፤ ስለዚህ ገዢው በዕቃው ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ አለበት። የማር ጠጅ ይህ ችግር የለበትም፤ ጌሾውና ብዙ ጠጅ ያሳለፈው ጋን እርሾውን ይዘው ይመጣሉና።

እዚህ ላይ የአገሩ ሴቶች እውቀት ምን ያህል እንደሚመዝን ይታያል። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥቦ በወይራ ጭስ ማጠን ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ጎጂውን ተሐዋሲ አርቆ ደጉን ለማሳደር ነው። በመፍላት ላይ ያለውን ዕቃ ጥርቅም አድርጎ አለመክደን፥ በጨርቅ ሸፍኖ ማስተንፈስ፥ አረፋው እስኪበርድ መታገሥ፥ ከአምቡላው በጥንቃቄ ማጥለል፥ እነዚህ ሁሉ ለጭማቂም ያገለግላሉ። በጠርሙስ ገና በመፍላት ላይ ያለ መጠጥ አሽጎ ጠርሙሱ ፈንድቶ የሚጎዳ ሰው፥ የጠፋበት እናቱ የምታውቀው ይህ ሕግ ነው። ፋብሪካ ፍሬውን በርካሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ፍሬውን የማፍላት ትዕግሥትን ግን በሱቅ አይሸጥም።

ሌላም ሊጠበቅ የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ስም ነው። የስኳር ጠጅን የማር ጠጅ ብሎ መሸጥ ማታለል ነው፤ የስኳር ጠጅ ብሎ መሸጥ ግን ነውር የለበትም። ከማንጎ ወይም ከአናናስ ጭማቂ የተጣለውም በስሙ ቢጠራ ለድኻ ቤት በዓል ያደምቃል። ቤተ ክርስቲያን የሱስንዮስን ዘመን ክርክር ተሻግራ ሥርዐትዋን ያቆየችው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። ፍሬው ይድረቅ፥ ከሩቅ አገር ይምጣ፥ በገንዘብ ይገዛ ብላ ፈቀደች፤ ሌላ ፍሬ በወይን ስም እንዲገባ ግን አልፈቀደችም።

ወይና ደጋ የሚለው ስም እንግዲህ ባዶ ሆኖ አልቀረም። በወረታ ገበያ ተመዝኖ የሚገዛው አንድ እፍኝ ዘቢብ በቤተ ልሔም ውሃ ሲገባ የጎደለውን ተክል ይተካል። ከዚያው ገበያ የተገዛው ማር ወይም ስኳር ደግሞ በታጠነ ጋን ውስጥ ሆኖ የራሱን ቀን ይጠብቃል።