የአጥቢያ ኮከብና የባቢሎን መዝገብ

ማልዳ የምትነሣ ሴት ሁሉ የአጥቢያ ኮከብን ታውቃለች። ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ በኩል ደምቃ የምትታየው እርሷ፣ በእውነቱ ኮከብ ሳትሆን ቬነስ የተባለች ፕላኔት ናት። ታዲያ ቴሌስኮፕ ሳይኖር ሰው ከከዋክብት በምን ለያት?

ከጥንት ጀምሮ በዓይን የታወቁት ፕላኔቶች አምስት ናቸው፦ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን። ከዋክብት ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ አብረው ሲዞሩ፣ እነዚህ ግን በመካከላቸው ቦታ ይቀይራሉ። ፕላኔት የሚለው ቃልም «ተንከራታች» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

የቬነስ ነገር ይበልጥ ያስቸግር ነበር። ለወራት በምሽት በምዕራብ ትታያለች፤ ከዚያ ትጠፋለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ ብቅ ትላለች። የማታዋና የማለዳዋ አንድ መሆናቸውን በአንድ ሌሊት አይቶ ማወቅ አይቻልም።

በዛሬዋ ኢራቅ ይኖሩ የነበሩት ባቢሎናውያን ግን ዐወቁ። ከ3500 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በንጉሥ አሚሳዱቃ ዘመን እንደተያዘ የሚታመን የ21 ዓመት መዝገብ አላቸው። መቼ እንደጠፋች፣ ስንት ቀን እንደቆየች፣ በየት በኩል እንደተመለሰች በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፏል። ዋናው ባይገኝም በነነዌ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ቅጂ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አለ።

የጻፉት ለሳይንስ ብለው አልነበረም። ኢሽታር የምትባል አምላካቸው አድርገው ስለሚያዩአት፣ ከእርሷ ዝናብን፣ አዝመራንና የንጉሥን ዕጣ ለማንበብ ነበር። ትንቢቱ ከንቱ ቀረ፤ ቁጥሩ ግን ቆየ። ቬነስ በየ8 ዓመቱ በዚያው ወቅት እንደገና በነበረችበት እንደምትታይ የታወቀው እንዲህ ካለ ቆጠራ ነው። የጻፉት ሰዎች ስም ግን አልደረሰንም።

እኅቶች፣ የእኛም የመዋጮና የብድር ደብተር እንዲሁ ነው። የአንድ ወር ገጽ ብዙ አይናገርም። የብዙ ዓመት ደብተር ጎን ለጎን ሲታይ ግን አባላት በየትኛው ወር እንደሚቸገሩ ያሳያል፤ ያኔ ችግሩ ሳይደርስ መዘጋጀት ይቻላል። ስለዚህ በየቤታችሁ ያሉትን የቆዩ ደብተሮች አትጣሉ፤ ለጸሐፊያችን አስረክቡ።