ስልጆና እንግዳው ሶይ ሶስ

ዛሬ በብስራተ ገብርኤል መደብሮች በጠርሙስ የሚሸጠው ሶይ ሶስ፣ የቻይናና የጃፓን ሰዎች አኩሪ አተርን ከስንዴ ጋር አብላልተው በጨው ውሃ ያስረጁት ማባያ ሲሆን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያው ከ2 ግራም በላይ ጨው ቢይዝም ፕሮቲኑ ግን ከ1 ግራም እምብዛም አይዘልም። ይህ እንግዳ ሳይደርስ ግን እናቶቻችን፣ ምእመናን በዐቢይ ጾም 55 ዕለታት ከጥሉላት በሚከለከሉበት ወራት፣ የሱፍን ውሃ ከባቄላ ዱቄት ጋር አብስለው፣ ሲበርድ የተወቀጠ ሰናፍጭ ጨምረው (ሰናፍጩ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለእርሾም ነው)፣ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም አጣፍጠው፣ ለጥቂት ቀናት ከድነው በማኮምጠጥ ስልጆን ያሰናዱ ነበር። ከ100 ግራም ደረቅ ባቄላ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነውና፣ ቅባቱም ከሱፉ ይገኛልና፣ በእኔ ፍርድ ለጾመኛ ሰውነት ከሶይ ሶስ ስልጆ ይበልጣል። እመቤቶች ሆይ፣ ለመጪው ሁዳዴ ሰናፍጩን ከወዲሁ አሰናዱ።